የወንዝ ድምፅ የከባድ መኪናን ድምፅ ይሸፍናል ወይ?

እህቴ፣ ኮምቦልቻ አስፋልት ዳር ተከራይተሽ የከባድ መኪና ድምፅ እንቅልፍ እንደነሳሽ ጽፈሽ፣ የተቀዳ የጫካ ጅረት ድምፅ ይረዳ እንደሆነ ጠይቀሻል። ይረዳል፤ ግን ለሁሉም ድምፅ እኩል አይደለም።

ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን ብዙውን ጊዜ የድምፅ መኖር ሳይሆን ድንገት መለወጡ ነው። የጅረት ድምፅ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ቀላቅሎ ሳያቋርጥ ስለሚሰማ፣ ጥሩምባና የውሻ ጩኸት ከጸጥታው ጎልተው እንዳይወጡ ያደርጋል። የሞተሩን ጉርምርምታ ግን ስልክ አይሸፍነውም፤ ትንሿ የድምፅ ማጉያው ወፍራም ድምፅ ማውጣት አትችልም። ወደ ሚሌ የሚወርደው መኪና ደግሞ ዋናው ጣጣው እሱ ነው! ሻል ያለ ስፒከር ካለሽ ከራስጌሽ አርቀሽ በመስኮቱ በኩል አስቀምጪው።

የወፍ ዝማሬ ያለበትን ቅጂ ተዪው፤ ወፉ ራሱ ይቀሰቅስሻል። ፋይሉን አስቀድመሽ አውርጂ፤ ከኢንተርኔት በቀጥታ ካጫወትሽ እኩለ ሌሊት ላይ ማስታወቂያ ሊጮህብሽ ይችላል። መኪናው የሚበዛው ሌሊት ከሆነ በ30 ደቂቃ የሚያጠፋ ሰዓት ቆጣሪ ፋይዳ የለውም፤ ድምፁን ዝቅ አድርገሽ እስኪነጋ ተዪው። የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መተኛትን ግን አልመክርም፤ በጎን ሲተኙ ጆሮን ይጫናል።

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየሆነ ለ3 ወር ከዘለቀ ሐኪም ይየው።

የቦርከና ወንዝን ድምፅ ራሴ ልቅዳ ላልሽው፣ ቅጂ እንጂ ምን ገዶ! ብቻ ከድልድዩ ካልራቅሽ መኪናውንም አብረሽ ይዘሽው ትገቢያለሽ።