ፊኛ ላይ ነፋስ ይሰማል?

ጥያቄ፦ በሙቅ አየር ፊኛ ልወጣ ነው። ከላይ ነፋሱ አያስቸግርም? መጀመሪያስ ማን ደፍሮ ወጣ?

መልስ፦ እኔም የወጣሁ ቀን ወፍራም ሹራብ ደርቤ ነበር። ነፋስ ግን የለም! ፊኛው ከነፋሱ ጋር እኩል ስለሚሄድ ፀጉርሽ እንኳ አይነቃነቅም። እሳቱ ሲለቀቅ አናትሽን ስለሚለበልብ ኮፍያ ያዢ። ሲጠፋ ጸጥ ይላል፤ ከታች ውሻ ሲጮኽ ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው።

መጀመሪያ የወጡት በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ናቸው፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1783 እ.ኤ.አ. ቬርሳይ ላይ፣ የሙቅ አየር ፊኛን በፈለሰፉት ፈረንሳውያን በሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች ፊኛ። ሦስቱም በሕይወት ወረዱ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 21 ፒላትር ደ ሮዚዬና ማርኪ ዳርላንድ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከፓሪስ ተነስተው 25 ደቂቃ ያህል በረሩ። ገለባ እያነደዱ፣ ጨርቁን እሳት ሲበሳው ደግሞ በእርጥብ ስፖንጅ እያጠፉ! ድፍረታቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ስታርፉ ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ ቅርጫቱን አጥብቀሽ ያዢ።