አንገቴን ባዞርም ቁጥሩ ዜሮ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ድሬዎች! የምጽፍላችሁ ከሐረር ነው። በብራውዘር የሚከፈት የጀጎል ቤት እየሠራሁ ነው። ሰው የቪአር መነጽሩን አድርጎ ይገባና ነደባው (መደቡ) ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌትና ሳህን ያያል። ስዕሉ ከጭንቅላቴ ጋር በደንብ ይዞራል። ግን የጭንቅላቴን ቦታ በራሴ ኮድ ላነብ ስል ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ! ብራመድም ባጎነብስም ያው ነው። ኮዱ ላይ መለኪያ መነሻ አድርጌ የጻፍኩትን «ቪወር» ወደ «ሎካል» ስቀይረው ቁጥሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ነገር ግን ቀጥ ብዬ ቆሜ ከፍታዬ 0.02 ነው ይለኛል። ወደ ግራ 90 ዲግሪ ስዞር ደግሞ የአቅጣጫው ቁጥር 0.707 ያሳየኛል። መነጽሩ የውሰት ነው፣ አበላሽቼው ይሆን?
ከሸዋ በር

መልስ፦ ኧረ አቦ ተረጋጊ! መነጽሩ ደህና ነው፣ ለባለቤቱም ምንም አትበይ።

ቤትሽ የት ነው ብልሽ «ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ» ምናምን ትይኛለሽ አይደል? ከአንድ የታወቀ ቦታ ትነሻለሽ። ብራውዘሩ ከቪአር መነጽሩ ጋር የሚነጋገርበት ዌብኤክስአርም እንደዚያው ነው። «ጌት ቪወር ፖዝ» ብለሽ ፖዙን (የጭንቅላቱን ቦታና አቅጣጫ) ስትጠይቂ የምትሰጪው ሪፈረንስ ስፔስ መነሻው ነው። «ቪወር» ካልሽው መነሻው የራስሽ ጭንቅላት ሆነ። ጭንቅላቴ ከጭንቅላቴ ምን ያህል ይርቃል ብለሽ ጠይቀሽ ዜሮ ብሎ መለሰልሽ፣ ምን ያድርግ?

«ሎካል» ስትይው ደግሞ መነሻው ፕሮግራሙ ሲጀምር ጭንቅላትሽ የነበረበት አካባቢ ነው። ልኩ በሜትር ስለሆነ 0.02 ማለት ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሻል ማለት ነው እንጂ ቁመትሽ አይደለም። አንቺ የምትፈልጊው «ሎካል ፍሎር» ነው፣ ዜሮው ወለሉ ላይ ነው፤ ስትቆሚ ዋዩ (ከፍታውን የሚያሳየው ቁጥር) 1.5 ምናምን ይላል፣ ስትቀመጪ ይወርዳል። ለነደባው የግድ ያስፈልግሻል፣ አለዚያ እንግዳሽ ተቀምጦ ቢጀምርም ቆሞ ቢጀምርም አንድ ይሆንብሻል። ብቻ ሴሽኑን (እንግዳሽ በመነጽሩ የሚገባበትን የቪአር ቆይታ) ስትከፍቺ «ሎካል ፍሎር» እፈልጋለሁ ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። ሳትጠይቂ ብትጠሪው አይሰጥሽም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው ግማሽ ቀን የሚያባክነው (እኔ ሙሉ ቀን)።

0.707ም ትክክል ነው። ዲግሪ አይደለም፣ ኳተርኒየን የሚባለው የአራት ቁጥሮች ስብስብ አንዱ ነው። ዙሩ በግማሽ ተከፍሎ ሳይኑ ይወሰዳል፤ የ90 ግማሽ 45፣ የ45 ሳይን 0.707። 45 ዲግሪ ብቻ ብትዞሪ 0.38 ያሳይሽ ነበር። ቁጥሩን ወደ ዲግሪ ልመልስ ብለሽ ግን አትድከሚ፤ አንገትሽን ዞር አድርገሽ ጎንበስ ስትይ ሁሉም ይደባለቅብሻል። ይልቅ ወደ ፊት የሚያይ ቀስት ውሰጂና በኳተርኒየኑ አዙሪው፣ ከዚያ ቀስቱ ወዴት እንደሚያይ አንብቢ። «ወደ ፊት» እዚህ ኔጌቲቭ ዜድ ነው፣ ፖዘቲቭ ካደረግሽው እንግዳሽ በጀርባው የሚያይ ይሆናል።

ንባቡን ደግሞ የሴሽኑ የራሱ «ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም» (ለእያንዳንዱ አዲስ ስዕል፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ኮድሽን የሚጠራው) ውስጥ አድርጊው። ፍሬሙን አስቀምጬ በኋላ አነባለሁ ብትይ ጊዜው አልፏል ብሎ ስህተት ይጥልብሻል።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ሳቢያን ቤቴ ውስጥ ማታ እየሞከርኩ መብራት ጠፋ። መነጽሩ በባትሪ ነው፣ እሱ አልጠፋም። ግን ቦታውን የሚያውቀው በካሜራዎቹ ክፍሉን እያየ ነው፤ ሲጨልምበት ፖዙን ትቶ «ነል» (ባዶ) መለሰልኝ። የእኔ ኮድ ከነል ላይ ቦታ ሊያነብ ሲሞክር ወደቀ። ቀጣዩን ፍሬም የምጠይቅበት መስመር መጨረሻ ላይ ስለነበር እዚያም አልደረሰም፤ መብራት ሲመጣ ስዕሉ እንደደረቀ ቀረ። ስለዚህ ያንን መስመር መጀመሪያ ላይ አድርጊው፣ ፖዙ ነል ከሆነም ያንን ፍሬም ዝለዪው።

ቤቱ ሲያልቅ አድራሻውን ላኪልኝ፣ በዚህ በድሬ ሙቀት ነደባው ላይ ትንሽ ልቀመጥበት።