ሲጋራ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

ፋርማሲስት ነኝ። ዛሬ ስለ ሲጋራ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲጨንቀኝ አንድ ሳጨስ ወዲያው ቀለል ይለኛል። ታዲያ ሲጋራ ጭንቀት ያመጣል የሚሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀለል ማለቱ እውነት ነው። ሲጋራ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር፣ ኒኮቲን፣ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ግን አድሬናሊን ያስረጫል፤ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞንም ከፍ ያደርጋል። ልብህ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ግፊትህ ይጨምራል። ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ደምህ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በግማሽ ይወርድና መቁነጥነጥ ትጀምራለህ። አንተ ሥራው ያስጨነቀህ ይመስልሃል። ብዙ ጊዜ ግን ሱሱ ነው። ሁለተኛው ሲጋራ የሚያበርደው የመጀመሪያው ያመጣብህን ነው።

ጥያቄ፦ ካቆምኩ 5 ቀኔ። እንቅልፍ የለም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቴ ላይ እጮሃለሁ። ብመለስ አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳትመለሺ! ብዙ ጊዜ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ናቸው፤ እነሱን አልፈሻል። የቀረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቡና ስንት ትጠጫለሽ? የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ስታቆሚ ጉበትሽ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። ያው የለመድሽው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደምሽ ውስጥ እጥፍ ያህል ካፌይን ሊያቆይ ይችላል። መንቀጥቀጡና እንቅልፍ ማጣቱ ከዚህም ሊሆን ይችላል። ቡናሽን በግማሽ ቀንሺ፤ ከምሳ በኋላ ጭራሽ ተዪው። ይህን ለሚያቆም ሰው ሁሉ ቢነገረው ምንኛ ደስ ባለኝ! ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የምትወስዱ ደግሞ ማቆማችሁን ለሐኪማችሁ ንገሩ። የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ የማጨሰው ስቅም ብቻ ነው። ማታ በጨብሲ እሰብረዋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ጫትም ኒኮቲንም አነቃቂ ናቸው። መጠጡ ቶሎ ያስተኛሃል፣ ሌሊቱ ሲጋመስ ግን እንቅልፍህን ይቆራርጠዋል።

ጥያቄ፦ ዘመድ ከውጭ ሲጋራ ለማቆም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር ላከልኝ። ሌሊት ሌሊት ቅዠት በቅዠት ሆንኩ።

መልስ፦ የ24 ሰዓቱ ፕላስተር ሌሊቱን ሙሉ ኒኮቲን ስለሚሰጥ ነው። ልትተኛ ስትል አንሳው፣ ጠዋት አዲስ ለጥፍ። ጠዋት ሲጋራ በጣም ካማረህ ተመልሰህ ጻፍልኝ፤ ሌላ መላ እንፈልጋለን።