መልስ፦ አብሽ ወይስ ኪኒን?

እታለም፣ እናትሽ የስኳር ኪኒናቸውን ትተው በአብሽ ውሃ ብቻ ልኑር እንዳሉ አነበብኩ። ኪኒኑ አይቋረጥ! አብሹንም ግን አትንጠቂያቸው። አብሽ በደም ውስጥ ያለ ስኳርን ሊቀንስ ይችላል። ጉዱም እዚህ ላይ ነው፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ካላባቸውና ከተንቀጠቀጡ፣ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ቶሎ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጪያቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም አታጠጪ፣ ወደ ሐኪም ሩጪ።

የእኔ እናት ደሴ ስትታከም አብሹን ትደብቅ ነበር፣ ይቆጡኛል ብላ። በኋላ ደፍራ ነገረች፤ ሐኪሟም ሰምቶ ክትትሏን አስተካከለላት። ሰው ተሰብስቦ ዱአ ወደሚያደርግበት ወዳጃ መሄዱንም አትከልክያቸው፤ ዱአው ያረጋጋቸዋል። ቡናው ብቻ ከአቦል እስከ በረካ ያለ ስኳር ይሁን። በጨውም እንዳትተኪው ደግሞ፣ ግፊት ካለባቸው!