«ጎማውን አመጣህ?»

ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣት መሪዎች ሥልጠና ያጠናቀቀች አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ቅጹ ለማኅበረሰቡ ያስገኙትን ጥቅም በቁጥር ይግለጹ ይላል። ስንት ሰው ብዬ ልሙላ?» ሁለት መስመር የሚበቃው ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አልመለስኩላትም። ይቅርታዋን ጠይቄ እዚህ ልመልስ፤ ሌሎቻችሁም ብትሰሙት አይከፋም።

እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲህ ላለ ሥልጠና ተመርጬ ነበር። ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ሥራ ሠርተን እንድናሳይ ግዴታ ተጣለብን። ሙያዬ የገጠር ውኃ ስለሆነ አንድ መንደር ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሬ አፍሪዴቭ የሚባለውን የእጅ ፓምፕ አስተከልኩ። ይህ ፓምፕ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲነደፍ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው፤ አንድ መፍቻ ይበቃዋል። ውስጡ ያለው ጎማ ግን በሠራ ቁጥር እያለቀ ስለሚሄድ በየጊዜው መለወጥ አለበት።

የምረቃው ዕለት የውኃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ያንን ጎማ መዳፋቸው ላይ አድርገው ያገላብጡ ነበር። «ልጄ፣ ይህ ሲያልቅ ከየት እናመጣለን?» አሉኝ። «አስብበታለሁ» አልኩና ፎቶ ወደሚያነሳው ሰው ዞርኩ።

ሪፖርቴ ሲያምር! 60 አባወራ በ5 አባዝቼ «300 ተጠቃሚ» ብዬ ጻፍኩ። ማን ቆጠራቸው? ማንም። ፎቶው ላይ ከጎኔ የቆሙት ገንዘብ ያዥዋ ነበሩ፤ ጠርዙን ስቆርጠው ወጡ፣ እኔና ፓምፑ ቀረን። ተጨበጨበልኝ። ያ ገጽ ለሚቀጥለው ሥራዬ በር እንደከፈተልኝም አልክድም።

ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያ አለፍኩ። የፓምፑ እጀታ በገመድ ታስሯል። የሲሚንቶው ስንጥቅ ሣር አብቅሏል። ሴቶች ጀሪካን አዝለው በአጠገቡ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ሴትዮዋ ከሩቅ አወቁኝ፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ጎማውን አመጣህ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ትናንት የላኩኝ ነው የሚመስለው። የኮሚቴው ሣጥን ውስጥ ገንዘብ ነበር። የጠፋው ጎማው የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ አውቅ ነበር።

እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ቋንቋውም ድፍረቱም አላችሁ። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል፤ ሥልጠናው ሳያልቅ ከስም በታች «መሥራች» ተብሎ ይጻፋል። ምኑን? ደግሞ ሳስበው አልፈርድባችሁም። በኋላ የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎውሺፕ የተባለው፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአፍሪካ ወጣት መሪዎች ያዘጋጀው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀመር ለ500 ቦታ ወደ 50,000 የሚጠጉ አፍሪካውያን ወጣቶች አመልክተዋል። ከመቶ አንድ ማለት ነው። በዚያ ወንፊት ያለፈ ሰው ትንሽ ቢኮራ ምን ይደንቃል?

ቁጥር ይቅርባችሁ ልል አስቤ ነበር። ነገር ግን እኔ ራሴ ማመልከቻ ስመርጥ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ጻፊው፤ ቆጥረሽ ግን ጻፊው። ከደብዳቤሽ እንዳየሁት ያቋቋምሽው የንባብ ክፍል ነው። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ደውይና ቁልፉ አሁን በማን እጅ እንዳለ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን እንደተከፈተ ጠይቂ። የቁልፍ ያዡንም ስም አስገቢ። ቦታው ካልበቃሽ ስለ ራስሽ የጻፍሽውን አሳጥሪ።

ጎማውን ያን ጊዜስ ላኩላቸው ወይ ትዪ ይሆናል። በሳምንቱ በሰው እጅ ላክሁ። ደረሰ አልደረሰ ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወርኩ።