ሰው ፊት ቆሞ ስለማስረዳት ያላችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ነው? ዛሬ ማታ ትንሽ ጊዜ አለኝ፣ መረጃ ሰጪ ንግግር ስለሚባለው ማለትም ሰው ፊት ቆሞ አንድ ነገር ስለማስረዳት ጥያቄ ያለው ይወርውር። ብዙ ሰው አሰልጥኛለሁ፣ ግን አብዛኛውን የተማርኩት ራሴ መድረክ ላይ ተዋርጄ ነው 😅

ጥያቄ፦ መረጃ ሰጪ ንግግርና የማሳመኛ ንግግር ልዩነታቸው ምንድነው? ለኔ አንድ ናቸው።

መልስ፦ ክትባት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሰራ ካስረዳህ መረጃ ነው፣ ሂዱና ተከተቡ ካልክ ማሳመን ውስጥ ገባህ። የጻፍከውን አንብበው፣ "አለባችሁ" የሚል በየቦታው ካለ መስመር ስተሃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ርዕሴ መብረቅ ነው፣ የተሰጠኝ 7 ደቂቃ ነው፣ እኔ ግን 9 ገጽ ጽፌ ቁጭ ብያለሁ ሁሉም ደስ ይላል ምኑን ልቁረጥ?

መልስ፦ አይ መብረቅ፣ ጥሩ ርዕስ ነው የያዝሽው። አንባቢ ካልገባው ገጹን ወደኋላ ይገልጣል፣ አዳማጭ ግን ያመለጠችው አመለጠችው ነው፣ አንቺ ደግሞ ጥለሽው እየሄድሽ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንዲት አረፍተ ነገር ጻፊ፣ ሰውየው ቤቱ ገብቶ "ዛሬ ምን ሰማህ?" ሲሉት የሚመልሳትን። ለምሳሌ "ነጎድጓድ የመብረቁ የራሱ ድምፅ ነው፣ የሚዘገየው ድምፅ እንደ ብርሃን ስለማይፈጥን ነው"። በቃ 9ኙን ገጽ በሷ አበጥሪው። መብረቁ ያለፈበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል፣ በቅጽበት ሲግል በኃይል ይለጠጣል ድምፁም እሱ ነው፣ ይሄ ይቆያል፣ ግን 30,000 ብለሽ ብቻ አትለፊ ማንም በአይነ ህሊናው አያየውም፣ የፀሐይ ገጽ 5,500 ገደማ ነው በይና አወዳድሪው። ሌላ፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ብልጭታውን አይተሽ 3 ሰከንድ ቆይቶ ከተሰማሽ መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ይሄን እንደውም አታውሪው አስቆጥሪያቸው! የስልክሽን መብራት ብልጭ አድርጊ፣ አንድ ሁለት ሶስት አብረው ይቁጠሩ፣ ከዛ ጠረጴዛውን ድም። የመብረቅ አይነቶች ዝርዝር፣ የጥንት ሰዎች ምን ያምኑ ነበር፣ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ምናምን... ያሳዝናል ግን ይውጣ፣ ለጥያቄ ሰዓት ይሆንሻል።

ጥያቄ፦ ልሸምድደው ወይስ ይዤ ላንብበው?

መልስ፦ ሁለቱም ይቅርብህ። እኔ አንዴ ሙሉውን ሸምድጄ ወጣሁ፣ መሀል ላይ የሆነ ሰው በሩን ሲጢጥ አድርጎ ገባ፣ በቃ ሁሉም ጠፋ። "ስለዚህም" አልኩ። ዝም። ደግሜ "ስለዚህም" አልኩ፣ ፊት ወንበር ላይ የነበረችው ልጅ ለኔ አፍራ አንገቷን ደፋች። አሁን አንዲት ካርድ ላይ 5 ወይ 6 ቃል ብቻ እጽፋለሁ፣ ቃል በቃል የምይዘው መግቢያውንና የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ነው። ስትለማመድ ደግሞ ድምፅህን አውጥተህ ቆመህ ይሁን፣ በአይን ማንበብ ልምምድ አይባልም። ስልክህ ላይ ቅዳና ስማው፣ የሚያደናቅፍህ ቦታ ካለ አረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው ለሁለት ክፈለው።

ጥያቄ፦ ስላይድ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ዜሮም ይሆናል። በ1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ፈንድታ 7 ሰው ካለቀ በኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ ውስጥ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ምን አደረገ መሰላችሁ፣ በቴሌቪዥን በሚታየው ስብሰባ ላይ የመንኮራኩሯ ማሸጊያ ጎሚኒ የተሰራበትን ጎማ ቁራጭ ጨምቆ በረዶ ያለበት ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ከተተው፣ አውጥቶ ሲለቀው ጎማው ቶሎ ወደ ቅርጹ አልተመለሰም። ብርድ ጎሚኒውን ግትር እንደሚያደርገውና በደንብ እንደማያሽግ ሁሉም ገባው፣ የተነሳችበት ጠዋት ደግሞ ብርዳማ ነበር። ስላይድ ካስፈለገ ስዕል ወይ አንድ ግራፍ ይሁን፣ ጽሑፍ ከሞላህበት ሰው እሱን ያነባል አንተን አይሰማህም።

ጥያቄ፦ ስነሳ ልቤ ይደልቃል እጄ ይንቀጠቀጣል መፍትሄ አለው?

መልስ፦ አድሬናሊን ነው እህቴ፣ ስንፈራ ሰውነታችን የሚለቀው ንጥረ ነገር ማለት ነው፣ ለኔም እስካሁን አልለቀቀኝም። ስስ ወረቀት አትያዢ፣ የእጅሽን መንቀጥቀጥ ለኋላ ወንበር ሳይቀር ያሳብቃል፣ ወፍራም ካርድ ይሻላል። ከመጀመርሽ በፊት ትንፋሽሽን ረዘም አድርገሽ አስወጪ፣ የአንድ ሰው አይን ፈልጊና የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገር ለሱ ብቻ ንገሪው። "ይቅርታ ስለፈራሁ ነው" ብለሽ ግን እንዳትጀምሪ፣ አብዛኛው ሰው ሳትነግሪው አያውቅብሽም።

ጥያቄ፦ ምንጭ መጥራት የግድ ነው? ንግግር እኮ ነው።

መልስ፦ የግድ ነው። ማን እንዳለውና በስንት አመተ ምህረት እንደሆነ እዛው ወሬው ውስጥ ጣል ታደርጋለህ፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ የማላውቀውን ቢጠይቁኝስ? ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው።

መልስ፦ ጥያቄውን መጀመሪያ ለሁሉም እንዲሰማ ድገመው፣ ለማሰቢያም ጊዜ ታገኛለህ። ካላወቅከው "ይሄን አላየሁትም፣ አጣርቼ እነግርሃለሁ" በለውና ስልኩን ተቀበለው። ከዛ ደግሞ የምርህን ደውልለት።