ስለ ሎሚ ዛፉ ትል ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ልጅሽ ከሎሚ ዛፍ ላይ ትል ለቅሞ መጥቶ «ቢራቢሮ እስኪሆን እናሳድገው» እያለ ቁም ስቅልሽን እያሳየሽ እንደሆነ ገባኝ። ያሳክካል ወይ፣ ምን ይበላል፣ በምን ላስቀምጠው ነው ጥያቄሽ። እኛም እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ ነን። ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ሦስት ዓመት ሞክረናል። ሁለቱ አልተሳኩም፤ ስለዚህ የማወራሽ በአብዛኛው ያበላሸሁትን ነው።

መጀመሪያ ስለ ማሳከኩ። እኛ አባጨጓሬ ሲባል የሚታየን ያ ጸጉራሙ፣ አንገት ላይ ጠብ ብሎ ሲያስፎክት የሚያመሸው ነው። እሱን ልጆች እንዳይነኩት። የሎሚው ግን ጸጉር የለውም። ትንሽ እያለ ቡናማና ነጭ ነው፤ ቁርጥ የወፍ ኩስ። ወፎች እንዳይበሉት ነው እንዲህ የሚመስለው። የኔ ትንሹ መጀመሪያ ሳሳየው «እማ፣ ይሄማ ካካ ነው» ብሎኝ ሄደ። ሲያድግ ቆዳውን እየቀየረ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ይሆናል። ከነካካችሁት ከራሱ ጀርባ ቀላ ያለ፣ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ነገር አውጥቶ ቤቱን ያገማል። አይናከስም፣ አያሳክክም፣ መሽተት ብቻ ነው መሣሪያው። ልጆች ይህቺን ካወቁ ቀኑን ሙሉ ሊያስወጡት ነውና ተቆጪ።

የሚወጣው ደግሞ ያ ትልቁ ቢራቢሮ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት፣ ክንፉ ሲዘረጋ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው። ሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይባላል። የጎረቤቶቻችን ልጆች «ቢላቻ፣ ቢላቻ» እያሉ የሚያባርሩት እሱን ነው።

ምግቡ ላይ ቀልድ የለም። የመጀመሪያው ዓመት ሎሚው ቅጠል አጥሮት ስለነበር «ትል ጎመን አይጠላም» ብዬ ጎመን ሰጠሁት። ሁለት ቀን ቅጠሉን ዞረው፣ ሳይቀምሰው ሞተ። ለካ እያንዳንዱ የቢራቢሮ ዘር የራሱ ቅጠል አለው። ይሄኛው የሎሚ ዘመዶችን ነው የሚበላው፤ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ትርንጎ። በጭንቅ ቀን የማይሳሳተው መላ ከየትኛው ዛፍ ላይ እንዳነሳችሁት ማስታወስ ነው፤ ያንኑ ስጡት። ፀረ ተባይ የተረጨበት እንዳይሆን ብቻ። መጨረሻ አካባቢ ሆዳም ስለሚሆን ከሁለት ትል በላይ አታሳድጉ። ሎሚሽ ገና ችግኝ ከሆነ ራቁቱን ያስቀሩታል።

ማስቀመጫው ብዙ አያስጨንቅም። እኔ ባለ 5 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጬ ነው የምጠቀመው። ቅርንጫፏን በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ አቆማለሁ፤ የብልቃጡን አፍ በጥጥ እደፍናለሁ፤ አለበለዚያ ትሉ ወርዶ ይሰምጣል። ኩሱ በየቀኑ ይጠረጋል፤ ካልተጠረገ በኛ እርጥበት ቶሎ ይሻግታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ። ሁለተኛው ዓመት አፉን በምን ልሸፍነው ስል ቤት ውስጥ የተቀደደ አጎበር ነበር። ቆርጬ በላስቲክ አሰርኩት፤ አየር ያስገባል፣ ዝንብ አያስገባም፣ ምን ይሻላል? በማግስቱ ሁለቱ ትሎች ተኮራምተው ታች ወድቀዋል። ለወባ የሚታደለው አጎበር እኮ ፀረ ተባይ የተነከረ ነው! ትንኝ የሚገድል ነገር ትልን ይምራል? እየተማርን አረጀን። አሁን የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ነው የማስረው። ፍሊት የሚነፋበት ክፍልም ውስጥ አታስቀምጪ።

የዚያው ዓመት ሦስተኛው ትል ሌላ ዕቃ ውስጥ ስለነበር ተርፎ ፑፓ ሆነ፤ ማለትም ቢራቢሮ እስኪሆን ሳይንቀሳቀስ ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ ላይ ደረሰ። ልጆቹ በየቀኑ ሲያዩት ሰነበቱ። አንድ ቀን ጎኑ ተበስቶ ቢራቢሮ ሳይሆን ደቃቅ ተርቦች ወጡበት። ትልቋ ልጄ እራት አልበላም አለች። ትሉን ያነሳነው ዛፉ ላይ ካደገ በኋላ ነበር፤ ተርቧ ቀድማን እንቁላሏን ውስጡ ጥላለች። ስለዚህ ገና ትንሽ ሳለ አንሱት። እንቁላሉን ካገኛችሁት ደግሞ በጣም ጥሩ። ለጋ ቅጠል ላይ ነጠላ ሆኖ የሚለጠፍ ቢጫ ኳስ ነው፤ ከጤፍ ብዙም አይበልጥም።

ፑፓ ሊሆን ሲል መብላት ያቆማል፣ ያስቀምጠዋል፣ ዕቃውን መዞር ይጀምራል። ታመመ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ከዚያ ቀጥ ያለች እንጨት መርጦ በክር ወገቡን ያስራል፤ ምሰሶ ላይ በቀበቶ የሚደገፈውን የመብራት ሠራተኛ አስቢ። ቆዳውን ከጣለ በኋላ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ለልጅ ረጅሙ ጊዜ ይሄ ነው። በሦስተኛው ዓመት የኛው ሦስት ሳምንት ግድም ቆየ። ትንሹ በየጠዋቱ «ሞተ?» ይለኛል። ከእንቁላል ጀምሮ ከቆጠርሽ ሁለት ወር ሊጠጋ ይችላል፤ ብርድ ሲሆን ይዘገያል።

ቢራቢሮዋ የምትወጣበት ቀን እጃችሁን ሰብስቡ። ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ ሶፍት ነው የሚመስለው። ተንጠልጥላ በውስጡ ፈሳሽ እየገፋች ትዘረጋዋለች። የምትንጠለጠልበት ቦታ ካጣች ወይ ልጅ «ላግዛት» ብሎ ከነካት ክንፏ እንደተጣመመ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ መብረር የለም። ቀላ ያለ ፈሳሽም ትጥላለች። ልጆቼ «ደማች!» ብለው ጮኸዋል። ደም አይደለም፤ ፑፓ ውስጥ እያለች ያጠራቀመችው ቆሻሻ ነው።

የኛዋ ጠዋት ወጥታ እስከ እኩለ ቀን ክንፏን አደረቀች። ዝናብ ካለ በማግስቱ ልቀቋት፤ እስከዚያ የብርቱካን ቁራጭ ብታስቀምጪላት ትመጥጠዋለች። እኛ ግቢ ፀሐይ ነበር። ትንሹ ጣቱ ላይ አስቀመጣት፤ ሁለቴ ክንፏን አርገበገበችና በአጥሩ ላይ አልፋ ወደ ጎረቤት ሄደች። ልጁ ተናዶ «ቻው እንኳን አላለችም» አለኝ።

ቅጠል ካለቀብሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የኛ ሎሚ ዘንድሮ አልተረጨም።